ማሪያ አይሪን ፎርኔስ፤ ጸሐፌ ተውኔትና መምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ የውጭ አገር ጸሐፌ ተውኔት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጡት ሁላችንም የምናውቃቸው ስሞች ነበሩ። ስለ ዩጂን ኦኒል፣ ስለ ቴነሲ ዊልያምስና ስለ አርተር ሚለር ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለ እነርሱ እንደ ገና ብናገር የምታውቁትን መልሼ ከማሰማት ያለፈ ነገር አላደርግም። ስለዚህ ዝናዋ ከእነርሱ ዝና ያነሰ፣ ነገር ግን ከእርሷ በኋላ የተነሡትን አያሌ ጸሐፊዎች ወደ ብዕር ያደረሰች አንዲት ሴት መረጥሁ። ስሟ ማሪያ አይሪን ፎርኔስ ይባላል። ለምርጫዬ አንድ የግል ምክንያትም አለኝ፤ እርሱን በንግግሬ መጨረሻ ላይ እገልጸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በመካከላችን ሲነሣ ሲወድቅ የኖረ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ድርሰት ከተፈጥሮ የሚገኝ ስጦታ ነው ወይስ በትምህርት የሚደረስበት ሙያ? የሚል ነው። አንዳንዶቻችን «ያልተሰጠውን ማን ያስተምረዋል?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ሕጉን የተማረ ሁሉ ሊጽፍ ይችላል ብለን እናምናለን። የፎርኔስ ሕይወት ለዚህ ክርክር ሦስተኛ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል። መልሱን አስቀድሜ ከመናገር ይልቅ ግን ሕይወቷን ተከትለን ብንደርስበት ይሻላል።

ፎርኔስ የተወለደችው በሜይ 14 ቀን 1930 በኩባ ዋና ከተማ በሀቫና ነው። ከስድስት ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። ቤተ ሰቡ ገንዘብ አልነበረውም፤ አባቷ ግን የንባብ ሰው ስለ ነበር ልጆቹን በቤት ውስጥ በራሱ መንገድ ያስተምራቸው ነበር። እርሷ ትምህርት ቤት ገብታ የቆየችው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ መደበኛ ትምህርቷም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በ1945 አባቷ ሲሞት እናቷ ካርመን ኮያዶ እርሷንና አንዲት እኅቷን ይዛ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደች። ፎርኔስ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛ አታውቅም። በጫማ ፋብሪካ ተቀጥራ ሠራች፤ ቋንቋውን እየለመደች ስትሄድም የትርጉም ሥራ ያዘች። የአሜሪካን ዜግነት ያገኘችው በ1951 ነው። በኋላ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች እየተጋበዘች ያስተማረችው ይህች የስድስተኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

የመጀመሪያ ምኞቷ ሠዓሊ መሆን ነበር። ከጀርመን ወደ አሜሪካ ከመጣው ከታዋቂው ሠዓሊ ከሐንስ ሆፍማን ዘንድ ተማረች። ሆፍማን ለተማሪዎቹ በሸራ ላይ ያሉ ቀለማትና ቅርጾች እርስ በርሳቸው ሲገፋፉና ሲሳሳቡ ሥዕሉ ሕይወት እንደሚያገኝ ያስተምር ነበር። በ1954 ሥዕሏን ለመቀጠል ወደ ፓሪስ ሄደች፤ በዚያም ሮዠ ብላን ያዘጋጀውን የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን በመጠበቅ» የተባለ ተውኔት አየች። ፈረንሳይኛ አታውቅም ነበርና ከቃለ ተውኔቱ የተረዳችው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ከአዳራሹ የወጣችው ልቧ ተነክቶ ነው። ሰዎቹ በመድረክ ላይ የቆሙበት ሁኔታ፣ ዝምታቸው፣ የእጃቸው አኳኋን ከቃላቱ ቀድሞ ደርሷታል። እኔ እንደሚመስለኝ የኋላ ሥራዎቿ ሁሉ ምሥጢር በዚያች ሌሊት ውስጥ አለ። የሆፍማን መገፋፋትና መሳሳብ ከሸራ ላይ ወርዶ በመድረክ ላይ በሰዎች መካከል ሲሆን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ለመጻፍ ገና ሰባት ዓመት ያህል ቀርቷት ነበር።

ወደ ኒውዮርክ በ1957 ተመልሳ የጨርቅ ጌጥ ንድፍ በመሥራት ትተዳደር ጀመር። ብዕር ያነሣችበት ታሪክ የታወቀ ነው። በ1961 የጸደይ ወራት አንድ ምሽት፣ በፍቅር ተሳስረው አብራት ትኖር ከነበረችው ከደራሲዋ ከሱዛን ሶንታግ ጋር በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠው ነበር። ሶንታግ ልብ ወለድ ለመጻፍ እየፈለገች መጀመር አቅቷት ትተክዛለች። ፎርኔስም «ይህ ምን ይቸግራል፤ አሁኑኑ ወደ ቤት ሄደን እንጻፍ፤ እኔም እጽፋለሁ» በማለት አስነሣቻት። በመሐል የግብዣ ጥሪ ቢመጣም እምቢ ብለው ወደ ቤት ሄዱ፤ ከማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፎርኔስ ግን ከዚያ በፊት ጽፋ ስለማታውቅ ከየት እንደምትጀምር ጨነቃት። ስለዚህ በአጠገቧ የነበረውን የወጥ አሠራር መጽሐፍ በዘፈቀደ ገለጠችና፣ በገጹ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ቃል ለእርሷ ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ እንዲሆን አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ጓደኛዋን ለማበረታታት ያደረገችው ነገር እርሷን ራሷን ጸሐፊ አደረጋት።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ ግን በውስጡ ሦስት ቁም ነገሮች አያለሁ። አንደኛ፣ ለመጻፍ ጊዜና ቦታ ተወሰነ። ሁለተኛ፣ ብቻዋን ሳትሆን በሌላ ሰው አጠገብ ተቀመጠች። ሦስተኛ፣ «ምን ልጻፍ?» የሚለውን አስጨናቂ ጥያቄ ከራሷ አንሥታ ለአጋጣሚ ሰጠችው። ከሃያ ዓመት በኋላ በከፈተችው ትምህርት ቤት ውስጥ ያደረገችው እነዚህን ሦስቱን ሥርዐት ማስያዝ ብቻ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ተውኔቷን «ባሏ የሞተባት»ን የሠራችው ከኩባ ይዛቸው ከመጣች አሮጌ የቤተ ሰብ ደብዳቤዎች ነው። ቀጥሎም በ1963 «የታንጎ ቤተ መንግሥት» በሳን ፍራንሲስኮ ተመደረከ። በዚያ ዘመን በኒውዮርክ ከብሮድዌይ ትልልቅ የንግድ ቴአትር ቤቶች ውጭ፣ በቡና ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሾችና በምድር ቤቶች አዲስ የቴአትር እንቅስቃሴ ይፋፋም ነበር። «ሽርሽር» የተባለው የሙዚቃ ተውኔቷ በ1965 የታየው በጀድሰን መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ገጸ ባሕርያቱንና ሥፍራዎቹን በትንንሽ ካርዶች ላይ ጽፋ፣ እንደ መጫወቻ ካርታ በውዛ፣ የወጣላትን እየተከተለች ደረሰችው። በዚያ ዓመትም ከብሮድዌይ ውጭ ለሚቀርቡ ሥራዎች የሚሰጠውን የኦቢ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘች። በሕይወት ዘመኗ ዘጠኝ ጊዜ ተሸልማበታለች። ይኸው ተውኔት በ1969 እንደ ገና ሲታይ የቀረበበት ቴአትር ቤት በተውኔቱ ስም «ፕሮመናድ» ተብሎ ተሰየመ።

በአንጻሩ በብሮድዌይ ዕድል አልቀናትም። በ1966 «ቢሮው» የተባለው ሥራዋ በታላቁ አዘጋጅ በጀሮም ሮቢንስ መሪነት ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ገና በሙከራ ትርኢት ላይ እንዳለ ተዘጋ። ለሰፊው ሕዝብ ስሟ ያልደረሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። እርሷ ግን የተማረችው ነገር ቢኖር የገዛ ተውኔቷን ራሷ ማዘጋጀት እንዳለባት ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብዛኞቹን ሥራዎቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መድረክ ያወጣቻቸው እርሷው ናት። ለእርሷ ማዘጋጀት ከመጻፍ የተለየ ሙያ አልነበረም፤ የተዋናይ አቀማመጥና የወንበር ሥፍራ ሁሉ የድርሰቱ አካል ነበሩ።

በ1977 የቀረበው «ፌፉና ጓደኞቿ» የዚህ ምስክር ነው። ታሪኩ በ1935 በኒው ኢንግላንድ በአንድ ቤት የተሰበሰቡ የስምንት ሴቶች ታሪክ ነው። ፎርኔስ ለትርኢት ያገኘችው ሥፍራ የተለያዩ ክፍሎች ያሉት ስለ ነበር፣ በሁለተኛው ክፍል ተመልካቹን በአራት ቡድን ከፍላ ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ ማእድ ቤት፣ ወደ ንባብ ክፍልና ወደ ሣሩ ሜዳ እንዲዘዋወር አደረገችው። ተዋንያቱም እያንዳንዱን ትዕይንት አራት አራት ጊዜ ይጫወቱታል። ተመልካቹ ከሩቅ ሆኖ የሚፈርድ ዳኛ መሆኑ ይቀርና፣ ሴቶቹ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚነጋገሩትን በአጠገባቸው ቆሞ የሚሰማ እንግዳ ይሆናል።

አሁን ለእኛ ለጸሐፊዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው ወደ ሆነው ወደ ቋንቋዋ ልምጣ። ፎርኔስ የጻፈችው በአብዛኛው ካደገች በኋላ በለመደችው በእንግሊዝኛ ነው። ዐረፍተ ነገሮቿ አጫጭርና ግልጥ ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም። ይህን እንደ ጉድለት ቈጥራ ልትሰውረው በቻለች ነበር። እርሷ ግን ሀብት አደረገችው። በአንድ ወቅት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሀንጋርኛ ለሚማሩ ሰዎች የተቀረጸ ሸክላ አገኘች። ሰላምታው፣ የምግብ ትእዛዙ፣ የአየር ጠባዩ ወሬ ሁሉ በንጹሕና በቀላል ቋንቋ የሚነገርበት ሸክላ ነበር። ከዚያ በመነሣት በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ዳኑብ»ን ጻፈች። ተውኔቱ በቋንቋ ትምህርት ይጀምራል፤ ፍቅርና ጋብቻም ይከተላሉ፤ በመጨረሻ ግን ሰዎቹ ምንነቱ ባልተነገረ በሽታና ጥፋት ይመታሉ። የመማሪያው ሸክላ የዋህ ቃላት ዓለም ስትፈርስ ሲሰሙ ከየትኛውም ሙሾ የበለጠ ያስደነግጣሉ።

በ1983 በካሊፎርኒያ በፓዱዋ ሂልስ የጸሐፌ ተውኔቶች ፌስቲቫል ላይ የቀረበው «ጭቃ» ደግሞ የተወለደው በአሮጌ ዕቃ ገበያ ካገኘቻቸው ዕቃዎች ነው። ሜይ የምትባለው ድኻ ሴት ልብስ ስትተኩስ ትታያለች፤ ማንበብና ማስላት ለመማር ትጥራለች። በቤቷ ውስጥ ሁለት ወንዶች አሉ፤ አንዱም አንዱም ከእርሷ ይፈልጋል እንጂ አይሰጣትም። እያንዳንዱ ትዕይንት ሲያልቅ ተዋንያቱ ለስምንት ሰከንድ ያህል እንደ ሥዕል ደርቀው ይቆማሉ። ሠዓሊዋ ፎርኔስ እዚህ ላይ ናት። ሜይ በመጨረሻ ቤቱን ጥላ ልትሄድ ስትነሣ በጥይት ትገደላለች። ፊደልን በጣቷ እየተከተለች፣ እየተንተባተበች ስለ ባሕር ፍጥረት ስታነብ ያየ ሰው፣ ማንበብ መቻል ለአንድ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ከብዙ ዲስኩር የበለጠ ይረዳል።

በ1985 የኦቢ ሽልማት ያገኘው «የሕይወት ምግባር» በላቲን አሜሪካ ባለ አንድ አገር ሰውን ማሠቃየት ሥራው ስለ ሆነ የጦር መኰንን ይናገራል። ፎርኔስ ሥቃዩን ወደ እስር ቤት ወስዳ አላሳየችንም፤ በመኰንኑ በራሱ ቤት፣ በሚስቱና በግፍ ደብቆ በያዛት ልጅ ላይ አሳየችን እንጂ። በአደባባይ የሚፈጸም ግፍ በጓዳ ከሚፈጸመው ግፍ እንደማይለይ ያለ አንዳች ስብከት አስረዳች። «ስለ ሌሊቱስ?» የተባለው ሥራዋም በ1990 ለፑሊትዘር ሽልማት ለመጨረሻ ውድድር ቀርቧል። በጠቅላላው ከ40 የሚበልጡ ተውኔቶችን ደርሳለች።

አሁን ወደ መምህርቷ እንመለስ። በኒውዮርክ ውስጥ ኢንታር የሚባል የስፓኝ ቋንቋ ተወላጆች የቴአትር ድርጅት ነበረ። ፎርኔስ በ1981 በዚህ ድርጅት ውስጥ የጸሐፌ ተውኔቶች ቤተ ሙከራ ከፍታ እስከ 1992 መራችው። ትምህርቱ የሚጀምረው በመጽሐፍ አልነበረም። ጸሐፊዎቹ ጠዋት ተሰብስበው በመጀመሪያ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። ከዚያ በጠረጴዛቸው ዘንድ ይቀመጡና ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። መምህርቷ በዝግታ ትመራቸዋለች፤ አንድ ሥፍራ፣ አንድ ሰው፣ አንድ የልጅነት ትዝታ በዐይነ ኅሊናቸው እንዲያዩ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰውየው ምን እንደ ለበሰ ልብ እንዲሉ ታደርጋለች። አንዳንድ ጊዜ ያዩትን በሥዕል ያሰፍሩታል። ከዚያ በጸጥታ ይጽፋሉ። በመሐል አንዲት ከየትም የመጣች ዐረፍተ ነገር ትጥልላቸውና በጽሑፋቸው ውስጥ እንዲያስገቧት ታዝዛለች። ከሁሉ በላይ ግን እርሷም አብራቸው ተቀምጣ ትጽፋለች። «ጭቃ»ን የመሳሰሉ ሥራዎቿ ባለቤት ስትሆን ከጀማሪ ጋር እኩል ባዶ ወረቀት ፊት መቀመጧ ለተማሪዎቿ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነበር።

በዘመኗ በአሜሪካ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ተውኔት ማለት ግጭት ነው፤ ገጸ ባሕርይ የሚፈልገው ነገር ይኖረዋል፤ የሚያግደው ይመጣል፤ ያሸንፋል ወይም ይሸነፋል የሚል ነበር። ፎርኔስ ይህን አጥብቃ ተቃወመች። ሰው በሕይወቱ ዘወትር አንድን ነገር ለማግኘት ሲታገል ብቻ አይገኝም፤ ያስባል፣ ይደነቃል፣ ዝም ብሎም ይቀመጣል። ገጸ ባሕርይን ለትልም ተላላኪ ከማድረግ ይልቅ፣ ጸሐፊው ጸጥ ብሎ ቢያዳምጠው ራሱ ይናገራል የሚል እምነት ነበራት። በቅኔ ቤት ያለፋችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ሲቈጥር መዋሉን፣ ማታም በመምህሩ ፊት መንገሩን ስለምታውቁ ነገሩ ጨርሶ እንግዳ የሚሆንባችሁ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። «ዐይን መጨፈንና ማለም ተውኔት ከሆነ ሙያ ምን ቀረው?» ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፎርኔስ ከልምምድ የተገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ተውኔት ነው አላለችም። ያገኘችውን በመድረክ ልምምድ ላይ ትፈትነው፣ ትቈርጠው፣ ትለውጠው ነበር፤ በዝግጅትም የአንዲት እርምጃ ስሕተት የማታሳልፍ ብርቱ ሠራተኛ ነበረች። ያስተማረችው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አስቀድሞ ውኃው ይፍለቅ፤ ቦዩ ከዚያ በኋላ ይቀደዳል። ውኃ በሌለበት ቦይ ብንቀድድ ግን የሚቀረን ደረቅ ጉድጓድ ነው።

ፍሬዋስ? ኒሎ ክሩዝ ከቤተ ሙከራዋ ወጥቶ በ2003 የፑሊትዘርን የድራማ ሽልማት ሲቀበል ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው የላቲን ዝርያ ያለው ጸሐፊ ሆነ። ኤድዋርዶ ማቻዶ፣ ቼሪ ሞራጋ፣ ሚግዳልያ ክሩዝ፣ ካሪዳድ ስቪች ሁሉ ከዚያው ጠረጴዛ የተነሡ ናቸው። አንዳቸውም የሌላውን አይመስሉም፤ የእርሷም ግልባጭ አልሆኑም። ለአንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ራሷ ታዋቂ ጸሐፌ ተውኔትና መምህርት የሆነችው ፓውላ ቮግል የአንድ ጸሐፊ ሥራ ፎርኔስን ከማንበቡ በፊትና ካነበበ በኋላ ተብሎ በሁለት እንደሚከፈል መስክራላታለች።

የመጨረሻ ተውኔቷ በ2000 የቀረበው «ከኩባ የመጡ ደብዳቤዎች» ነው፤ በኩባ ከቀረው ወንድሟ ጋር ለብዙ ዓመታት ከተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎች የተሠራ ነው። በደብዳቤ የጀመረችውን በደብዳቤ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ የመርሳት በሽታ ያዛትና መጻፍ አቆመች። ትዝታን ለሰው ሁሉ ስታስቆፍር የኖረች ሴት የራሷን ትዝታ አጣች። ሆኖም ሚሼል ሜምራን የተባለች የፊልም ሠሪ ካሜራ ይዛ ለዓመታት አብራት ቆየች፤ ፎርኔስም በካሜራው ፊት መጫወትና መፍጠር አላቆመችም። «የቀረውን እፈጥራለሁ» የሚል ትርጉም ያለው ይህ ፊልም በ2018 ታየ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ቀን በተወለደች በ88 ዓመቷ በኒውዮርክ ዐረፈች።

አሁን በመጀመሪያ ቃል ወደ ገባሁላችሁ የግል ምክንያት ደርሻለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት የተውኔት አጻጻፍ በማስተምርበት ጊዜ አንድ ዝምተኛ ተማሪ አጭር ተውኔት አመጣልኝ። አንዲት እናትና ልጇ ምስር ሲለቅሙ ያመሻሉ፤ ይነጋገራሉ፤ ዝም ይላሉ፤ ይጨልማል። ሌላ ነገር የለውም። እኔም በቀይ ብዕር «ግጭት የለውም» ብዬ ጽፌ መለስሁለት። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ድርሰት አላመጣልኝም። ታላቅ ጸሐፊ ይሆን ነበር ብዬ አልመጻደቅበትም፤ ላይሆንም ይችል ነበር። ነገር ግን ሜይ በ«ጭቃ» ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ባነበብሁ ቀን ያ ምስር በዐይኔ ላይ መጣ። እናትየዋ ምስሩን ስትለቅም ምን እንዳሰበች ልጁን አልጠየቅሁትም ነበር። መጠየቅ ሲገባኝ ፈረድሁ።

እንግዲህ ድርሰት ስጦታ ነው ወይስ ትምህርት? ከፎርኔስ የተረዳሁት መልስ ይህ ነው። መምህር ስጦታን አይሰጥም፤ ሕግ በማስጠናትም ጸሐፊ አይፈጥርም። ድርሰት የሚመጣበትን ጊዜና ሥፍራ ግን ሊያዘጋጅ፣ የመጣውንም ሳይቸኩል ሊቀበል ይችላል። ለዚህ ደግሞ ትልቅ ሕንጻም ሆነ ብዙ በጀት አያስፈልግም። ማኅበራችን አንድ ክፍልና ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከወጣቶቹም ጋር አብሮ ባዶ ወረቀት ፊት ለመቀመጥ የማያፍር አንድ አንጋፋ ጸሐፊ ቢያዘጋጅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። አንጋፋው ከታጣ፣ አንጋፋ ባልሆንም፣ እኔ ለመቀመጥ ዝግጁ ነኝ። ቀዩን ብዕሬን ግን ቤቴ ትቼ እመጣለሁ።